ከስንቅ እስከ ድንኳን፦ በግሸን መንገድ እንጀራ መሸጥ

ለመሆኑ ድሮ ወደ ግሸን ማርያም የሚወጣ ሰው ምን ይበላ ነበር? የታሪክ መጻሕፍት ግሸንን ሲያነሱ ስለ ግማደ መስቀሉ፣ ስለ አፄ ዘርዓ ያዕቆብና አምባው ላይ ስለታሰሩት የነገሥታት ልጆች ያወሩናል እንጂ ስለ ሆድ ነገር ብዙም አይሉም። እኛ ዛሬ ስለ ሆድ እናውራ።

አምባው እስር ቤት በነበረበት ዘመን እንኳን ምግብ መሸጥ መጠጋቱም ያስቀጣ ነበር። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ በአካባቢው ሲያልፍ ይህንኑ ጽፏል። ወሬው አውሮፓ ደርሶ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 «ራሴላስ»ን ሲያሳትም፣ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ያለውን ብርዳም አምባ መሳፍንት በድሎት የሚንደላቀቁበት ሸለቆ አድርጎት ቁጭ!

ተራው ምእመን ግን ስንቁን ተሸክሞ ነው የሚወጣው። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ። እነዚህን ንቀን እንዳናልፋቸው። በሶ ገብሱ አስቀድሞ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ መንገድ ላይ እሳት አይፈልግም፤ ውሃና ጨው ካለ ጭብጦ ይሆናል። ድርቆሽም ያው ነው፦ ፀሐይ የደረቀ እንጀራ፣ ቀላል፣ የማይሻግት፣ ትንሽ ውሃ ወይም ወጥ ሲነካው ነፍስ የሚዘራ። ያለ ማቀዝቀዣ የተሠራ የምግብ ቴክኖሎጂ ነው፤ ወታደሩም የዘመተው በሱ ነው። ከሩቅ ብንፈልግ ቻይና ውስጥ ሃካ የሚባሉት ሕዝቦች ትዝ ይሉናል። ስማቸው «የእንግዳ ቤተሰብ» እንደማለት ሲሆን፣ ሲሰደዱ የኖሩ ናቸውና ከታወቁባቸው ምግቦች መካከል በጨው ተደርጎ የደረቀ ጎመን አለበት። መንገደኛ የትም መንገደኛ ነው!

ስንቅ ያለቀበት ደግሞ በየደጁ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብሎ ይጣራል። የንጉሥ እንግዳ ከሆነ ድርጎ ይቀርብለታል፣ ያውም ከገበሬው ጎተራ። እንግዲህ የበሰለ ምግብ ወይ ይዘኸው ትሄዳለህ፣ ወይ ይሰጥሃል። መግዛትስ? እሱ ነውር ነበር! ጠላና ጠጅ ይሸጣል፤ በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍታ የምትተዳደር ሴት በየከተማው ነበረች። እንጀራ በገንዘብ ማብላት ግን እንግዳን እንደማባረር ይቆጠር ነበር። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ሲከፍቱ ከፍሎ የሚበላ ጠፍቶ አፄ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው እየሄዱ አስለመዱ ይባላል። (ዛሬ ሒሳብ ሲመጣ ስልክ የሚደወልላቸው ጓደኞቻችን ይህን ያንብቡልን።)

ወሎ ውስጥ ነገሩን የቀየረው መንገዱ ይመስለናል። ጣሊያን በወረራው ጊዜ የሠራው የአዲስ አበባ–ደሴ–አስመራ መንገድ ሹፌር አመጣ፤ ሹፌር ደግሞ ስንቅ አይቋጥርም። ሐይቅና ውጫሌ ላይ እናትና ልጅ የሚሠሩባቸው ትንንሽ ምግብ ቤቶች የዚህ መንገድ ልጆች ናቸው። «ባህላዊ» የምንለውም ብዙ ጊዜ ከምናስበው በላይ አዲስ ነው። ሐይቅ ሄደን «የአገሩ ምግብ» እያልን የምንበላው የቆሮሶ ዓሣ ሐይቁ ውስጥ የተጨመረው ገና እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው።

በዚሁ መንገድ ዳር ግን ሌላም ታሪክ አለ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ከዚያም በ1977 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ ወደ አስፋልቱ የወጣው ሊሸጥ ሳይሆን የሚቀምሰው ፍለጋ ነበር። የአገሩ ሰው እህልን እንደ ተራ ሸቀጥ ማየት ቢከብደው እኛ አንፈርድበትም።

አሁን መስከረም 21 ሲቃረብ በግሸን መንገድ የሚተከሉትን የምግብ ድንኳኖች በዚህ ዓይን እዩልን። አብዛኛው የቤተሰብ ሥራ ነው። እናት ምጣዱ ላይ፣ ሴት ልጅ ሽሮው ላይ፣ ወንዱ ውሃና እንጨት ሲያመላልስ፣ አባት ገንዘብ ሲቀበል (እሱ ደግሞ ሁልጊዜ ገንዘቡ ላይ ነው!)። «ተወደደብን» የሚል ተሳላሚ አይጠፋም። ነገር ግን ጤፉም በርበሬውም ያንን ዳገት ወጥቷል፤ ገበያውም የጥቂት ቀን ነው። ያች ጥቂት ቀን ከተበላሸች የዓመት ተስፋ አብሮ ይሄዳል። በ2014 ዓ.ም. ከበዓሉ አንድ ወር ያህል ቆይቶ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ፣ በዚህ መስመር ምግብ ሸጦ ያደረ ቤተሰብ ምን ላይ እንደወደቀ መገመት አያቅትም።

ሰላም ሲሆንም ሒሳቡ ቀላል አይደለም። በ2018 ዓ.ም. መስከረም 21 የዋለው ረቡዕ ነበር። ጾም! በግ ገዝቶ የጠበቀ ከሰረ፣ ሽሮና ምስር ያበዛ አተረፈ። የ2019ኙ ሐሙስ ላይ ይውላል፤ ማግስቱ ዓርብ ስለሆነ ሥጋው በዚያው ቀን ማለቅ አለበት።