ስምንት ክንድ ጨርቅ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጅግጅጋ ወደ ቱሊ ጉሌድ በሄድኩ ጊዜ፣ በእንግድነት የተቀበሉኝ እናት አንድ አሮጌ ጉንቲኖ ከሳጥን አውጥተው አሳዩኝ። ጉንቲኖ ሳይሰፋ፣ በትከሻ ላይ ተቋጥሮ በወገብ የሚጠመጠም የሶማሌ ሴቶች ልብስ ነው። ጠርዙን ገልብጬ ባየው የፋብሪካ ጨርቅ ሆኖ አገኘሁት። «እኔስ የባህል ልብስ መስሎኝ ነበር» አልኩ። ልጃቸው ስታስተረጉምላቸው ፈገግ አሉ እንጂ አልመለሱልኝም።

ያ ፈገግታ ወደ መጻሕፍት መለሰኝ።

ኢብን ባቱታ በ1331 እ.ኤ.አ. ሞቃዲሾን ሲጎበኝ፣ በከተማይቱ ስም የሚጠራና እስከ ግብፅ የሚላክ ጨርቅ እንደሚሠራባት ጽፏል። የቤናድር ሸማኔዎችም «አሊንዲ» በሚሉት ጨርቅ ሙያውን አቆይተውታል። ነገር ግን ሶማሌ የለበሰው የራሱን ሽመና ብቻ አልነበረም። ሪቻርድ በርተን በ1854 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከዘይላ ወደ ሐረር ሲጓዝ ያየውን «ቶብ»፣ ሁለት ስፋት ተጋጥሞ የተሰፋ ስምንት ክንድ የጥጥ ጨርቅ ሲል ገልጾታል። በዚያ ዘመን ከማሳቹሴትስ ፋብሪካዎች የወጣ ጨርቅ በሴለም ነጋዴዎች መርከብ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይመጣ ነበር፤ «መሪካኒ» ይሉታል። ከ1861 እስከ 1865 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲያስተጓጉለው፣ የእንግሊዝና የሕንድ ጨርቅ ቦታውን ያዘ።

እኛም ደገኞቹ ይህንኑ ጨርቅ አቡጀዲ ብለን ለብሰነዋል። ሮበርት ስኪነር በ1903 እ.ኤ.አ. ከዐፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሊዋዋል ሲመጣ፣ ካመጡት ጉዳዮች አንዱ ይኸው አቡጀዲ ነበር። የአያቴ ቀሚስ የአቡጀዲ ነበር፤ አንድም ቀን «የባዕድ ነው» ብዬ አላውቅም።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻም አይደለም። በናይጄሪያ የዮሩባ ሕዝብ የሞቱ አባቶቹን በሚዘክርበት የኤጉንጉን ሥርዓት፣ ጭምብል ለባሹ ከራስ እስከ እግሩ በተደራረበ ጨርቅ ይሸፈናል። ከአገር ሽመናው ጎን ከባሕር ማዶ የመጣ ከፋይ ይሰፋበታል፤ ቤተሰቡም በየጊዜው አዲስ ንብርብር ይጨምርበታል። ከፋይ ስለ ገባበት ልብሱ የአባቶች መሆኑ አልቀረም።

ውድ አንባቢ፣ ለአያቴ ቀሚስ የሰጠሁትን ክብር ለእኚያ እናት ጉንቲኖ መንፈጌ አሁን ያሳፍረኛል። ዳግም ባገኛቸው ጨርቁ ከየት እንደ መጣ አልጠይቃቸውም። አስተሳሰሩን ማን እንዳስተማራቸው ግን እጠይቃቸዋለሁ።