የቀዩ ዱቄት ጉዞ

እስቲ ጆሮ ስጡኝ። የምነግራችሁ ስለ አንድ ቀይ ዱቄት ነው፤ ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እቆጥራለሁ።

በ1950ዎቹ፣ ደብሊን ከተማ፣ ቪንሰንት ባሪ የሚባሉ ኬሚስት ከባልደረቦቻቸው ጋር የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሲያስሱ ቢ663 የተባለውን ይህን ቀይ ዱቄት ቀመሙ። አይጥ ላይ ድንቅ ሠራ፤ ሌሎች እንስሳት ላይ ሲሞከር ግን ተስፋ አስቆረጠ። ታዲያ የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ለሳንባ ነቀርሳው የቅርብ ዘመድ አይደል? በ1962 ናይጄሪያ ውስጥ፣ ኡዙአኮሊ በተባለ ስፍራ፣ ዶክተር ስታንሊ ብራውን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሰጡት። ሠራ! ስሙም ክሎፋዚሚን ሆነ፤ አምራቹ የባዝሉ ጋይጊ ኩባንያ፣ የኋላው ኖቫርቲስ ነው።

አሁን ወደ አዲስ አበባው ዘነበወርቅ እንምጣ። እዚያ ያለው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ አለርት፣ የተመሠረተው በ1965 ነው። ያኔ ሕሙማን ለዓመታት፣ አንዳንዶቹም ዕድሜ ልካቸውን የሚውጡት ዳፕሶን የተባለውን መድኃኒት ብቻ ነበር። በ1970ዎቹ የአለርት ሐኪሞች መድኃኒቱን እየዋጡ በሽታው የሚያገረሽባቸው ሰዎች መብዛታቸውን አዩ፤ ባክቴሪያው ዳፕሶንን ተላምዶታል። ያዩትን ጽፈው ለዓለም አሳወቁ። ለዚህ ሥራቸው የሚገባቸውን ያህል ሲመሰገኑ አልሰማሁም። ባክቴሪያው እንዲህ እንዳይላመድ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን ተጣምረው እንዲሰጡ መከረ። በወር አንድ ቀን ጤና ባለሙያ ፊት ይዋጣል፤ የቀሪው 27 ቀን ቤት ይወሰዳል። ክኒኖቹ በየቀናቸው ተደርድረው ስለሚታሸጉ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ የዛሬውን ከነገው ይለያል።

ቀለሙስ? ክሎፋዚሚን ሰውነት ውስጥ ይጠራቀምና ቆዳን ያቀላል፣ ያጠይማል፣ ሕመሙ የነበረበትንም ቦታ ያጠቁራል። እስቲ አስቡት፤ በበሽታው ምክንያት ከሰርግ ከለቅሶ የተገለለ ሰው፣ ልዳን ብሎ የዋጠው መድኃኒት ፊቱ ላይ ወጥቶ ሲያጋልጠው! በመድኃኒት ኩባንያ የሕክምና ጉዳዮችን የሚመሩ ሐኪሞች የሚፈተኑት እዚህ ላይ ነው። ማሻሻጥ የሌሎች ሥራ ነው። የእነሱ ሥራ ጥናቱ ያሳየውን ጥቅምም ጉዳትም ሳይደብቁ ለሐኪሙ ማስረዳት፣ ከሐኪሙና ከታማሚው የሰሙትንም ይዘው መመለስ ነው። «ፊትህ ይጠቁራል፤ ሕክምናውን ስትጨርስ ግን በወራት ውስጥ እየለቀቀ ይሄዳል» የሚለው ቃል በመጀመሪያው ቀን ታማሚው ጆሮ ካልደረሰ፣ ስትራቴጂ ተብሎ የተጻፈው ሁሉ ወረቀት ብቻ ነው። ሳይነገረው ፊቱ የጠቆረበት ሰው ክኒኑን ቢተው እኔ አልፈርድበትም።

ከ2000 ጀምሮ ኖቫርቲስ ሦስቱንም መድኃኒቶች በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በነፃ ይሰጣል። ትልቅ ነገር ነው፤ ክኒን መግዛት ለማይችል ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ቀለሙ ግን በነፃ ስለተሰጠ አልቀረም። ባክቴሪያው በብዛት ያለበት ታማሚ 12 ወር ይታከማል። በእነዚያ ወራት ለመድኃኒቱ በመጣ ቁጥር ስለ እጅ እግሩ ብቻ ሳይሆን ስለ ፊቱም፣ ስለ ጎረቤቶቹም የሚጠይቀው ሰው ጤና ጣቢያው ውስጥ ሊያገኝ ይገባዋል።