የቆርቆሮ ቆፋሪዎች ሕግና ችሎት

ሕግ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበን ለአገር ሁሉ በአንድነት የወጣው ነው። በእንግሊዝ አገር ግን ለአንድ ሙያ ሰዎች ብቻ የተለየ ሕግና ችሎት አያሌ መቶ ዓመታት ኖሯል። ይኸውም በደቡብ ምዕራብ ባሉት በኮርንዎልና በዴቨን አውራጃዎች የነበረው የቆርቆሮ ቆፋሪዎች ሕግ ነው።

ቆርቆሮ ከመዳብ ጋራ ሲቀልጥ ነሐስ የሚሆን ማዕድን ስለ ሆነ በጥንት ዘመን እጅግ ተፈላጊ ነበር፤ ለንጉሡ ግምጃ ቤትም ብዙ ግብር ያስገባ ነበር። ስለዚህ ንጉሥ ዮሐንስ በ1201 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው) ቆፋሪዎቹ ከባላባት ገባርነት ነፃ እንዲሆኑ፥ በጳጳሳትና በመሳፍንት ርስትም ሳይቀር እንዲቆፍሩ በደብዳቤ አጸናላቸው። በ1305 ደግሞ ቀዳማዊ ኤድዋርድ ለሁለቱ አውራጃዎች ለየብቻ ደብዳቤ ሰጠ። ከነፍስ፥ ከአካልና ከመሬት ክርክር በቀር ጕዳያቸው በራሳቸው ሹም ችሎት ይታይ ጀመር። የቀለጠው ቆርቆሮም ወደ ተወሰኑ ከተሞች ይመጣና ከማዕዘኑ ጥቂት ተቈርጦ ጥራቱ ይመረመራል፤ ግብሩ ተከፍሎ ማኅተም ሳይመታበት አይሸጥም ነበር።

ይህ መብት ድኻውን ሠራተኛ ከባላባት ጕልበት አድኖታል። ነገር ግን ችሎቱ እየበረታ በሄደ ጊዜ ሌላውን መጫን ዠመረ። ሪቻርድ ስትሮድ የተባለ የፓርላማ አባል፥ ከቁፋሮው የሚወርደው አፈር የዴቨንን ወደቦች እየደፈነ ስለ ሆነ በሕግ እንዲከለከል ሐሳብ አቀረበ። የቆፋሪዎቹም አራት ችሎቶች እያንዳንዳቸው 40 ፓውንድ፥ በድምሩ 160 ፓውንድ ፈረዱበት፤ በሊድፎርድ ግንብ ሥር ባለው ጕድጓድም ከሦስት ሳምንት በላይ ታሰረ። በዚያ ነገር ከሳሽም ዳኛም የሆኑት ያው ባለጕዳዮቹ ነበሩ።

ፓርላማው በ1512 ባወጣው ሕግ ፍርዱን ሻረ። ይህም ሕግ የፓርላማ አባል በምክር ቤት ስለ ተናገረው ቃል እንዳይከሰስ ከሚጠብቁት መሠረቶች አንዱ ሆነ። የማኅተሙ ግብር በ1838 ቀረ፤ ችሎቱም በ1896 ተሽሮ ሥልጣኑ ወደ አውራጃ ፍርድ ቤቶች ተላለፈ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፥ ደካማን ለመጠበቅ የተሰጠ ሥልጣን እንኳ ከበላዩ የሚመረምረው ዳኛ ከሌለ የሌላውን አፍ እስከ መዝጋት እንደሚደርስ ነው። ስትሮድን ያሰሩት ሰዎች አባቶቻቸው ነፃነትን በደብዳቤ የተቀበሉ ነበሩ።