የማለዳ ሐረግ፦ ዓመታዊውና ቋሚው

በአዲስ አበባ አሮጌ አጥሮች ላይ እየተጠመጠመ የሚወጣ፣ ጎህ ሲቀድ ጥሩንባ የመሰለ አበባ ከፍቶ ፀሐይ ሲበረታ የሚጠወልግ ሐረግ አለ። እንግሊዝኛው «ሞርኒንግ ግሎሪ» ይለዋል። «የጠዋት ክብር» ብለን ብንመልሰው ስለ ተክል መናገራችን እንኳ አይታወቅም፤ «የማለዳ ሐረግ» ግን የሚፈካበትን ሰዓትም አወጣጡንም ይናገራል። ስያሜው በዚህ ይበቃ ነበር። ነገር ግን በአንድ ስም የምንጠራቸው ሁለት ዝርያዎች ናቸው፤ ሁለቱም የስኳር ድንች የቅርብ ዘመዶች ቢሆኑም አያያዛቸው ለየቅል ነው። ስለዚህ ኢፖሜያ ፑርፑሪያን «ዓመታዊ የማለዳ ሐረግ»፣ ኢፖሜያ ኢንዲካን «ቋሚ የማለዳ ሐረግ» እንበላቸው እላለሁ።

በአበባቸው ቀለም መሰየም ይቀላል የሚል አይጠፋም። ቀለም ግን አይታመንም፦ ዓመታዊው ሐምራዊም፣ ሮዝም፣ ነጭም፣ ሰማያዊም ያብባል፤ ቋሚው ደግሞ ጠዋት ሰማያዊ ሆኖ ይፈካና ሲጠወልግ ወደ ሐምራዊ ሮዝ ይለወጣል። ጸንቶ የሚለያቸው የአኗኗራቸው መንገድ ነው። ዓመታዊው ዘር አፍርቶ ይሞታል፤ ቻርልስ ዳርዊን ለአሥር ትውልድ እየዘራ የመረመረውና በ1876 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው የጻፈበት ይኸው ተክል ነው። ቋሚው የራሱ የአበባ ዱቄት ቢደርሰውም ዘር አይቋጥርም፤ አፈር የነካው ግንዱ ከየአንጓው ሥር እየሰደደ ይስፋፋል። «ዓመታዊ» እና «ቋሚ» ደግሞ ግብርናችን ሰብል የሚለይባቸው የታወቁ ቃላት ናቸው።

ዓመታዊውም በየዓመቱ እዚያው አጥር ሥር ብቅ ይላልና ስሙ ያሳስታል ቢባል፣ መልሱ ከአጥሩ ግርጌ ነው። በክረምት መሬቱን ዝቅ ብሎ ያየ ሰው መሐላቸው የተሰነጠቀ ሁለት የመጀመሪያ ቅጠሎች ያሏቸው ቡቃያዎች ያገኛል፤ የመጣው የእናቲቱ ዘር እንጂ እናቲቱ አይደለችም። ያደጉትን ሁለቱን ለመለየት የቅጠል ቅርጽ ብቻውን አያስተማምንም። የዓመታዊው ብዙ ጊዜ የልብ ቅርጽ ሲኖረው የቋሚው ብዙ ጊዜ በሦስት ይከፈላል፤ ሁለቱም ግን ሌላውን መምሰል ይችላሉ። እኔ የምመርጠው አበባውን ገልብጦ ከሥሩ ያሉትን አምስት ትናንሽ አረንጓዴ ቅጠሎች ማየት ነው፦ የዓመታዊው አጠር ብለው ግርጌያቸው ላይ ሻካራ ፀጉር አላቸው፤ የቋሚው ረዝመው ጫፋቸው እንደ ክር ይቀጥናል።

ላቲኑ ለምን አይበቃም የሚሉ ምሁራን በሙያቸው ልክ ናቸው፤ አራት ኪሎ በሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም የደረቁት ናሙናዎች የተደረደሩት በላቲን ስማቸው ነው። አጥር የሚያጸዳው አትክልተኛ ግን የሚሠራበት ስም ያስፈልገዋል። ዓመታዊውን ዘሩ ሳይደርስ ከነቀለው በጥቂት ዓመት ይገላገለዋል። ቋሚውን ሥሩን ቆፍሮ ማውጣት አለበት፤ ቆርጦ ወንዝ ዳር የጣለው ግንድ አንድ አንጓ ካለው እዚያው ይበቅላል።