ዲሹ ወዴት ያያል?

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ ዲሽ ትንሽ ታሪክ ላውጋችሁ።

ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። ለረጅም ዘመን የነበረን የመንግሥቱ ጣቢያ ብቻ ነበር። ይህንን የሰበረው ዲሽ ነው። የግብፁ ናይልሳት በ1990 ዓ.ም. መጠቀ፤ ቀስ በቀስ የአዲስ አበባ ጣሪያ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዞረ። የአረብ ጣቢያዎች ሳሎናችን ገቡ። በኋላ እነ ኢቢኤስና ቃናም በዚያው በኩል መጡልን።

በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮሳት መጣ፤ ሳተላይቱ ያለው 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። የአገር ቤት ጣቢያዎች ወደዚያ ሲጠቀልሉ ዲሹም ወደ ምሥራቅ ዞረ።

አክስቴ ቤት ዲሽ ሠሪ ይዤ የሄድኩት ያኔ ነው። «አረቡስ?» አለችኝ። ይጠፋል አልኳት። ዝም አለች። ልጇ ቤይሩት ሰው ቤት ነው የምትሠራው። አክስቴ አረብኛ አትሰማም፤ ግን ዜና ላይ የቤይሩት መንገድ ሲታይ ከወንበሯ ተነስታ ነው የምታየው። ናይልሳት ያለው 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ስለሆነ አንድ ሰሃን ለሁለቱ አይበቃም። ሁለተኛ ሰሃን ገዛን።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ የሚዲያ ታሪክ ስንማር ስለ ጣቢያና ስለ አዋጅ ብዙ አውርተናል። የተመልካቹ ታሪክ ግን ያለው ጣሪያ ላይ ነው፤ ማን ምን ማየት እንደፈለገ፣ ማንን እንደናፈቀ እዚያ ይነበባል። እስቲ ቀና ብላችሁ እዩ፤ የእናንተስ ሰፈር ዲሽ ወዴት ነው የሚያየው?