«ደህና ነኝ» የሚለው ሕመምተኛ፦ የሣቅ ቴአትር፣ አካል ጉዳትና የማይታይ ሕመም



የዛሬውን ንግግሬን ከሳሪስ አቦ ቤተ ክርስቲያን በር ልጀምር። ያደግሁት በዚያ ሠፈር ነው። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን፣ ይልቁንም ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 በሚውሉት የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓላት፣ ምጽዋት ጠያቂው ከቅጥሩ በር ጀምሮ በግራና በቀኝ ተሰልፎ ይቀመጥ ነበር። ከመካከላቸው አንድ የሚያነክሱ አባት ነበሩ። እኔም አካሄዳቸውን እያስመሰልሁ የሠፈሩን ልጆች አስቅ ነበር። አንድ ቀን ከኋላዬ ቆመው አዩኝ። ልሸሽ ስል እጄን ያዙና «እኔ የማነክሰው በግራ ነው፤ አንተ በቀኝ ታነክሳለህ» አሉኝ። ልጆቹ በሣቅ ፈረሱ። ቀጥለው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እግሬስ ለምዶታል፤ እኔን የሚያመኝ ሌላ ነው። ጎበዝ ከሆንህ እሱን አሳያቸው» አሉ። ምን እንደሚያማቸው አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

የቴአትር ታሪክ ማስተማር ከጀመርሁ ወዲህ ያ ንግግር ከአእምሮዬ አልወጣም። በመድረክ ላይ አካል ጉዳት እንደ ልብስ ያገለግላል። ምርኩዝ፣ ጉብጥና፣ ጥቁር መነጽር፣ የሚንተባተብ አንደበት አንድም ቃል ሳይነገር ለተመልካቹ ይደርሳሉ። ለቀልደኛ ይህ ርካሽ ሀብት ነው፤ በካሴትም በቴሌቪዥንም ስንት ጊዜ እንደተመነዘረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የስኳር ሕመም፣ የልብ ድካም፣ በሁለት መውደቆች መካከል ያለ የሚጥል በሽታ ግን ልብስ የላቸውም። ከዚህም የከፋ ነገር አለ፦ ቴአትር የማስመሰል ጥበብ በመሆኑ፣ ሕመሙ የማይታይለት ሰው በሕይወት ውስጥ ራሱ ተዋናይ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። «ምን ሆነሽ ነው? ስታዩዋት እኮ ደህና ናት!» የሚለውን ፍርድ ያልሰማ ሕመምተኛ ብዙ አይመስለኝም።

ሆኖም የእኛ አገር ባህል ለማይታይ ሕመም መድረክ ሰጥቶ አያውቅም ማለት ስሕተት ይሆናል። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ ከዳካር እስከ ጅቡቲ ከተጓዘው የጥናት ቡድን ጋር እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ደረሰ። እዚያም መልካም አየሁ የተባሉ የታወቁ ባለ ዛር ቤት እየተገኘ ያየውን ዕለት በዕለት መዘገበ። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ የጎንደርን የዛር ሥርዓት ከቴአትራዊ ገጽታው አንጻር የመረመረ መጽሐፍ አሳተመ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፦ ዛር የወረደበት ሰው ታሟል ወይስ እየተጫወተ ነው? የሌሪስ መልስ ከሁለቱ አንዱን የሚመርጥ አልነበረም። ያየውን «በሕይወት የሚኖሩት ቴአትር» አድርጎ ተረዳው፤ ተጫዋቹ ራሱ የሚያምነው፣ ተመልካቹም የሚሳተፍበት።

ይህ ለርእሳችን ለምን ይጠቅማል? እዚያ ቤት ከሚመጡት ብዙዎቹ ለዓይን የማይታይ፣ እየተመላለሰ የሚያሠቃይ ሕመም የያዛቸው ሴቶች ነበሩ። ሕመሙ በቤታቸው ስም አልነበረውም። በዛር ቤት ግን ስም፣ ማዕረግ፣ አለባበስ፣ የአነጋገር ለዛ ይሰጠው ነበር፤ ሕመምተኛዋም የዛሩ «ፈረስ» ትባላለች። በቤቷ አንገቷን ደፍታ የምትውል ሴት በዛሩ አፍ ትፎክራለች፣ ታዝዛለች፣ ትቀልዳለች። ቧልትና ፌዝ ከሥርዓቱ የራቁ አልነበሩም። ዛርን ሕክምና ነው ብዬ ልሟገት አልመጣሁም፤ ብዙ ሰው በዚያ መንገድ ገንዘቡንም ጤናውንም አጥቷል። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ማስረጃ የሌለው ሕመም በአደባባይ እንዲታመን ያደረገው ጨዋታ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ላሊበሎች ናቸው፤ ሐሚናም ይባላሉ። ጎሕ ሳይቀድ ከደጅ ቆመው በዜማ የሚለምኑ፣ የባለቤቱን ስም አስቀድመው ከጎረቤት ጠይቀው በግጥም የሚያሞጋግሱ፣ ዘግይቶ ለከፈተም ነቆራ የማያጡ ዘፋኞች ናቸው። ስለ እነርሱ የሚነገረው እምነት፣ ይህን ዜማ ቢተዉ የሥጋ ደዌ እንደሚይዛቸው ነው። ልብ በሉ፤ የሚያዩት ሰዎች ሙሉ አካል አላቸው። የሚዘፍኑት ገና ስላልመጣ፣ ምናልባትም ስለማይመጣ ደዌ ነው። ሰሚው በብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ በግጥማቸው ይሥቃል፤ ሣቁ ግን ፍርሃትን ያዘለ ነው። አንዳንድ ጊዜ ሳስበው፣ የማይታይ ሕመምን በሣቅ ከደጃፋችን ያደረሱት የመጀመሪያዎቹ ባለሙያዎች እነርሱ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ወደ ዘመናዊው መድረክ እንለፍ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ ያቀረቡት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔታችን እንደሆነ ይታወቃል፤ ኮሜዲ መሆኑ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። የታገደው በአውሬ ስም ባለሥልጣንን በመንቀፉ ነበርና የሣቅ ቴአትራችን ገና ሲወለድ የተማረው ትምህርት አደገኛ ነበር፦ ወደ ላይ መሣቅ ያስቀጣል። ወደ ታች፣ በአንካሳውና በዕውሩ መሣቅ ግን ማንንም አላስቀጣም። የአስመሳይ ቀልድ ልማድ እንዲህ የሰፋው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል፤ ይህ ግን የእኔ ግምት ነው፣ ልትሟገቱኝ ትችላላችሁ።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከሞሊየር ሥራዎች መካከል «ታርቲዩፍ»ንና «የፌዝ ዶክተር»ን ወደ አማርኛ መልሷል። «የፌዝ ዶክተር» በመጀመሪያ ቋንቋው እ.ኤ.አ. በ1666 የታየ ነው። እንጨት ፈላጭ ሐኪም ነኝ ይላል፤ አንዲት ወጣት ደግሞ የማትወደውን ሰው ላለማግባት ዲዳ የሆነች ትመስላለች። ሁሉም ያስመስላል፤ የሚያውቀው ተመልካቹ ብቻ ነው። እኛ ግን በተውኔቱ እየሣቅን የጸሐፊውን አካል እንረሳለን። ሞሊየር ለዓመታት በሳንባ ሕመም ይሠቃይ ነበር። ሳሉን መደበቅ ሲያቅተው እ.ኤ.አ. በ1668 በጻፈው ስለ ስስታሙ ሰው በሚያወራው ኮሜዲ ውስጥ አስገባው፦ ሞሊየር ራሱ የተጫወተው ስስታሙ አርፓጎን ይስላል፤ አንዲት ሸንጋይም «ሳል እንኳ ያምርብሃል» የሚል ውዳሴ ትደረድርለታለች። በዚያው ተውኔት የአገልጋዩን ሚና የያዘው ሉዊ ቤዣር በእውነት ያነክስ ነበር፤ ለዚህም ነው አርፓጎን «ያን አንካሳ» እያለ የሚሰድበው። አንዱ የሚታይ፣ ሌላው የሚደበቅ ሁለት ጉዳት በአንድ መድረክ ላይ ተገናኙ፤ ሁለቱም የራሳቸው የተዋንያኑ ነበሩ።

መጨረሻውን ታውቁታላችሁ። ሞሊየር እ.ኤ.አ. በየካቲት 1673፣ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በሽተኛ ነኝ ብሎ የሚያምን ሰው ሆኖ ሲጫወት በአራተኛው ትዕይንት ምሽት ሕመሙ ጠናበት። መንቀጥቀጡን በሐሰት ሣቅ ሸፈነው ይባላል። ተውኔቱን ጨርሶ ቤቱ ገባ፤ በዚያው ሌሊት ሞተ።

በእኛ ዘመን በመድረኩና በሕጉ መካከል ያለው ርቀት ያሳስበኛል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000፣ ስለ ሕንጻ ተደራሽነት የደነገገው አዋጅ ቁጥር 624/2001፣ ዓለም አቀፉ ስምምነት የጸደቀበት አዋጅ ቁጥር 676/2002 ሁሉም ወጥተዋል። መድረኩ ግን አካል ጉዳተኛን በሌላ ሰው አካል ማስመሰሉን አልተወም። ከዚህ የወጣ ሙከራ ከጠየቃችሁኝ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የተመሠረተውን የአዱኛን የውዝዋዜ ቡድን አነሣለሁ። ከእርሱ ጋር አካል ጉዳተኛ ወጣቶች ከእንግሊዛዊው የውዝዋዜ አሠልጣኝ አዳም ቤንጃሚን ጋር ሠርተው ራሳቸው መድረክ ላይ ወጥተዋል። ኮሜዲ አልነበረም፤ ነገር ግን ተመልካቹ የሚያየው አካልና የሚነገረው ታሪክ የአንድ ሰው ሆኑ። ስለ ኤች አይ ቪ የተሠሩት ድራማዎቻችን፣ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በሬዲዮ በ257 ክፍሎች የተላለፈውን «የቀን ቅኝት»ን ጨምሮ፣ የማይታየውን ቫይረስ ብዙ ሰው እንዲነጋገርበት አድርገዋል። ሣቁ ግን በእነርሱ ዘንድ ጥቂት ነበር፤ ሕመምተኛው እንዲቀልድ አልተፈቀደለትም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። ተረቱ የደበቀውን ይወቅሳል፤ ሲገልጥ ማን እንደሚያምነው ግን አይናገርም። የኮሜዲ አሠራር እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በኮሜዲ ውስጥ ምሥጢሩን ተመልካቹ ያውቃል፣ በመድረኩ ላይ ያሉት አያውቁም። በሞሊየር ጤነኛዋ ታመመች ትመስላለች። በእኛ አገር ደግሞ ታማሚው ጤነኛ ይመስላል፤ ለአሠሪው፣ ለአማቱ፣ ለዕድር ጓደኞቹ። ሣቁም ሕመምተኛውን ትቶ በማያዩት ሰዎች ላይ ይወድቃል።

በቅርቡ ተማሪዎቼን አንድ ልምምድ ሰጠኋቸው። ከሰላምታ በቀር ምንም ቃል የሌለበት ትዕይንት ጻፉ አልኋቸው። አንዷ ተማሪ የሠራችው እንዲህ ነው፦ ስኳሯ እየወረደባት ያለች ሴት ከቦርሳዋ ከረሜላ ለማውጣት ትሞክራለች፤ ጎረቤቷ ግን ሰላምታውን አይጨርስም። «እንዴት ነሽ?» «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» «ልጆች እንዴት ናቸው?» «ደህና።» «እናትሽስ?» «ደህና።» «ሰውነትሽስ?» «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» እጇ ቦርሳው ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ ጎረቤቷ እጇን ከቦርሳው አውጥታ ትጨብጠዋለች፣ ጉንጯን ትስማለች፣ እንደገና ትጀምራለች። (ሣቅ) አዎ፣ ክፍሉም እንደ እናንተ ሣቀ። በስድስተኛው «ደህና» ላይ ግን ሁሉም ጸጥ አለ። ከኋላ ረድፍ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ብቻ እንባዋ እስኪወርድ መሣቋን ቀጠለች። በኋላ ወደ እኔ መጥታ «እኔ እስከ አሥራ አንድ ቆጥሬያለሁ፤ ይጨመርበት» አለችኝ። ትዕይንቱን በዚያው አስረዘምነው።

ጥያቄ ያላችሁ፣ በደስታ እቀበላለሁ።