ሳንቃ በር ላይ የቀረው ለምንድን ነው?

ሰፊ የጣውላ ወለል እንደገና ፋሽን ሆኗል። ደብረ ታቦር ወይም ነፋስ መውጫ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው «አንዱ ክፍል እንኳ ጣውላ ይሁንልኝ» ቢል አይገርመኝም። የሚገርመኝ ሌላ ነው። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው ሳንቃን ከጥንት ያውቀዋል፤ ግን አልረገጠውም።

የአገሩ ቤት ወለል አፈር ነው። ተደልድሎ፣ ተጠቅጥቆ በእበት ይለቀለቃል፤ ለበዓል ቄጤማ ይጎዘጎዝበታል። መደቡም ጭቃ ነው። ሳንቃ የሚታየው በርና መስኮት ላይ ነው። «ድህነት ነዋ!» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እኔ ግን መልሱ ያለው አሠራሩ ላይ ይመስለኛል።

የሁለት ሰው መጋዝ ከመለመዱ በፊት ሳንቃ የሚወጣው ግንዱ በሽብልቅ ተሰንጥቆ፣ በመጥረቢያ ተጠርቦ ነው። ከአንድ ወፍራም ግንድ የሚተርፈው ጥቂት ሳንቃ ነው፤ ሌላው ፍላጭ ሆኖ ምድጃ ይገባል። በር ብቻውን ይህን ያህል እንጨት ከበላ፣ ወለል ስንት ዛፍ ይፈጃል? ዛሬ አናጢው የሚጠራቸው «ጣውላ» እና «ሞራሌ» ራሳቸው ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ሳንቃ ግን የኛው ነው።

አዲስ አበባ ሌላ መንገድ ሄደች። በምኒልክ ዘመን ሕንዶችና አርመኖች ያነጿቸው ቤቶች የእንጨት ወለል ነበራቸው። የከተማዋ ማገዶና የቤት እንጨት በዙሪያው የነበረውን ደን ጨርሶት፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1893 አካባቢ መዲናውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ከተማዋን ያቆያት ባሕር ዛፍ ነው።

ባሕር ዛፉ ጋይንትም ደርሷል፤ ግን ገና በለጋነቱ ለአጣናና ለማገር ይቆረጣል። ከቀጭን ግንድ ደግሞ ሰፊ ጣውላ አይወጣም። ታዲያ ወፍራም የሐበሻ ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራ የት ቀረ? ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ። «እመጓ»ን የጻፈው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ (ብዙዎቻችን በልብ ወለዱ ብቻ እናውቀዋለን) ሙያው የደን ሥነ ምህዳር ነው፤ እሱና ባልደረቦቹ በ28 የደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ውስጥ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ቆጥረዋል። የደን አዋጅ ቁጥር 94/1986ም ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። ስለዚህ ሠላሳ ሳንቲ ስፋት ያለው አዲስ የጥድ ጣውላ «በርካሽ አለኝ» የሚል ነጋዴ ካጋጠማችሁ፣ ከዋጋው በፊት ከየት እንደተቆረጠ ጠይቁት።

ደግሞ ስፋት ዕዳ አለው። እንጨት ሲደርቅ የሚኮማተረው በወርዱ ነው፤ ጣውላው በሰፋ ቁጥር ክፍተቱም፣ መቆልመሙም ይብሳል። ባሕር ዛፍማ በዚህ አይታማም! በደንብ ሳይደርቅ ከተመታ፣ ወይም እርጥበቱ ባልወጣ ሲሚንቶ ላይ ከተነጠፈ ክረምትና በጋው ይጫወትበታል። ጠበብ ያለ፣ ጥላ ሥር ተደርድሮ የከረመ ጣውላ በሞራሌ ላይ፣ ከግድግዳው ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ቢመታ ይሻላል።

ሰፊው ካልቀረልኝ የሚል ሰው አሮጌ ቤት ሲፈርስ ይጠብቅ። የድሮ ጥድ ሳንቃ መድረቁን ጨርሷል፤ ምስጥም አይደፍረውም። ምስማሩን ነቅሎ መላግ ነው።